ከመስከረም እስከ ህዳር በእግር ገጠር መውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ በእግሬ እጓዛለሁ። ሱሉልታ ሜዳ ዳር የለመድኳት አንዲት መንገድ አለችኝ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እስከ ህዳር መጨረሻ በየሳምንቱ እሷኑ ነው የምመላለስባት። "አይሰለችህም?" የሚሉኝ አሉ። ሌሎችም ብዙ ይጠይቁኛል። ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ወቅቱን ምን ብለን እንጥራው? ፀደይ ነው መፀው?

ይሄ ክርክር አያልቅም። በቆየው የአገራችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ነው። ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 በኋላ ይመጣል። በአፍ ግን ብዙ ሰው አበባ ያየበትን ጊዜ ሁሉ ፀደይ ይላል። ገበሬውን ብትጠይቁት ሁለቱንም አይልም። "አዝመራ ነው" ይላችኋል፤ ወይም "አጨዳ ደርሷል"። እኔ መፀው እላለሁ፤ ፀደይ ስትሉኝ ግን አላርማችሁም።

ለመውጣት የትኛው ሳምንት ይሻላል?

አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ፣ ከመስቀል ማግስት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን እመርጣለሁ። ዝናቡ እየተወን ነው፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ አደይ አበባም አልረገፈችም። አየሩ ደግሞ ታጥቦ የወጣ ልብስ ይመስላል። ክረምቱ አቧራውን ስላጠበው ሩቅ ይታያል። እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ወደ ደቡብ ብትመለከቱ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያችኋል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በስተ ግራ የረር፣ በስተ ቀኝ ወጨጫ። ታኅሣሥ ላይ እዚያው ቦታ ብትቆሙ አቧራውና ጭሱ ግማሹን ይሸፍንባችኋል።

እውነተኛው መልሴ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሄዳችሁ ከምትጨርሱት፣ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ሂዱ። መስከረም ላይ ውሃ ያቆረ ሜዳ፣ ጥቅምት ላይ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ህዳር ላይ ቡላ ሆኖ ይተኛል። መንገዷ አንዲት ናት፤ አገሩ ግን ሦስት ነው። ለዚህ ነው የማይሰለቸኝ።

መንገድ ዳር የማየው ቢጫ ሁሉ አደይ አበባ ነው?

አይደለም። ከመኪና መስኮት ስናይ ሁላችንም እንሳሳታለን።

ወደ ጎጃም ወይም ወደ ወለጋ ስትሄዱ ኮረብታውን እንዳለ የሸፈነ ቢጫ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ኑግ ነው። ሰው የዘራው ነው፤ ዳርና ዳሩ በማሳ ወሰን የተቆረጠ ነው። ደጋው ላይ ሲሆን ደግሞ ጎመን ዘር ሊሆን ይችላል። ጎመን ዘርን መለየት ቀላል ነው፤ አበባው አራት ቅጠል ብቻ አለው፤ መስቀል ሠርቶ ይቀመጣል። መጭ የሚባለው አረም ደግሞ የኑግ ዘመድ ስለሆነ በጣም ያሳስታል።

አደይን ለመለየት አበባዋን ትታችሁ ቅጠሏን እዩ። የኑግና የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ፣ ሞላ ያለ ነው። የአደይ ቅጠል ግን በጥርስ የተበላ ይመስል የተሰነጣጠቀ ነው። ቦታዋም ይናገራል። አደይ የታረሰ መሬት መሐል አትወድም፤ ድንበር ላይ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ አጥር ሥር ነው የምትገኘው። በኦሮምኛ ኬሎ ይሏታል፤ ለኢሬቻ ከእርጥብ ሣር ጋር በእጅ ትያዛለች።

አንዷን ቁረጡና አጠገባችሁ አምጧት። መሐሏ ላይ ያለው ቢጫ ቁልፍ የሚመስለው ነገር አንድ አካል አይደለም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷን የቻለች ጥቃቅን አበባ ናት። ዙሪያዋን ያሉት ረጃጅሞቹም እንደዚያው። አንድ አደይ የምንላት በሙሉ የአበቦች ጉባኤ ናት ማለት ነው። ንቧ አንዷ ላይ ያን ያህል የምትቆየው ለዚህ ነው፤ ከነጥብ ነጥብ እየዞረች ነው። የደጋው ማር በጥቅምትና በህዳር የሚቆረጠውም ይሄን አበባ ተከትሎ ነው።

በነገራችን ላይ ስትመለሱ ሱሪያችሁ ላይ ተሰክቶ የምታገኙት የሰይጣን መርፌ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመድ አይመረጥም።

የመስቀል ወፍ የምትባለው የቷ ናት? ሌላ ጊዜ የት ትሄዳለች?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ብቅ ያለን ሰው "የመስቀል ወፍ ሆንክ" እንላለን። ወፏ በመስቀል ሰሞን መጥታ ወዲያው ትጠፋለች ተብሎ ስለሚታመን ነው።

አንዲት የመስቀል ወፍ ግን የለችም። አንዱ ቀይና ጥቁሯን ይላል። አንዱ ቢጫና ጥቁሯን ይላል። ሌላው ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝመውን ይላል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ የየአካባቢያቸውን ነው የሚናገሩት። የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ወንዱ ክረምት ሲሆን የሠርግ ልብሱን ይለብሳል። ሴቷን ለመማረክ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ላባውን ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድንቢጥ መስሎ ከድንቢጥ መሐል ይቀመጣል።

ስለዚህ የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። ልብሷን ቀይራ አጠገባችን ናት፤ እኛ ነን የማናውቃት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀስ ብላችሁ ብትፈልጉ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቡናማ የሆነ ወንድ ታገኛላችሁ። ደረቱ ላይ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ ቀርቶበታል፤ ጀርባው ላይ አንድ ጥቁር ላባ ተንጠልጥሏል። ከሠርግ አድሮ እንደሚመለስ ሚዜ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሸንበቆ ላይ ተቀምጦ አግኝቼ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

አውሮፓና አሜሪካ በዚህ ወቅት ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል። እኛ ጋ ለምን አይሆንም?

እዚያ ዛፉን ቅጠልህን አራግፍ የሚለው የቀኑ ማጠርና የሚመጣው ብርድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የደጋችን ዛፎችም፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ቆላው ላይ ቅጠሉን የሚጥል ዛፍ ሞልቷል፤ ግን እሱን የሚያራግፈው ድርቀቱ ነው።

ከውጭ የመጣ ሰው ዛፍ ዛፉን እያየ "የታለ ቀለሙ?" ይላል። ወደ ታች ይመልከት። እኛ ጋ ቀለም የሚቀይረው ሣሩ ነው። ጤፉ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ዘለላው ይከብደውና ያጎነብሳል፤ ህዳር ላይ እንደ ወርቅ ይሆናል። ንፋስ ሲነካው ማሳው እንደ ውሃ ይተኛና ይነሳል። የቀላውን የቅጠል ደን በፎቶ አይቻለሁ፤ ያምራል። ለእኔ ግን የህዳር ጤፍ በ11 ሰዓት ፀሐይ ይበልጥብኛል።

ዝናብ ይመታኛል? ሰማዩን እንዴት ላንብብ?

መስከረም ላይ ሊመታችሁ ይችላል። ማለዳው ብራ ነው። ረፋድ ላይ ጥጥ የመሰለ ደመና ብቅ ብቅ ይላል። ደመናው ወደ ጎን ከሰፋ ግድ የለም። ወደ ላይ እንደ ጎመን ከቆለለ ግን ከ8 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ጭምር ይኖራል። ስለዚህ በ12 ሰዓት ተነሱ፤ በ6 ሰዓት ተመለሱ።

ጥቅምት ሲገባ ንፋሱ ይቀየራል። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ አየር ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ ነበር። አሁን ደረቁ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ከንፈር መሰንጠቅ ከጀመረ ንፋሱ ዞሯል ማለት ነው። አልፎ አልፎ ጥቅምት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ይጥላል። እኛ ከተሜዎች "ደስ ይላል" እንላለን፤ አዝመራው ማሳ ላይ ላለበት ገበሬ ግን ክፉ ነገር ነው። ፊት ለፊቱ ደስ አይበላችሁ።

ብርዱስ? ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይከፋል። ደመና ብርድ ልብስ ነው፤ ሲገፈፍ መሬቱ ሙቀቱን ለሰማይ ይለቃል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይፈሳል። ለዚህ ነው ጠዋት ጉሙ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ኮረብታው ፀሐይ የሚሞቀው። አመዳይም የሚጀምረው ከሜዳው ነው። ህዳር ላይ በማለዳ ብትደርሱ ሣሩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ የእያንዳንዱ ሣር ዳር ዳሩ ላይ ጥቃቅን መርፌዎች ቆመዋል። ፀሐይ ስትነካው በደቂቃዎች ውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ ጫማችሁም ይበሰብሳል።

አንድ ቀን ግን እንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ተመልከቱ፤ ህዳር 12 ማለዳ። ህዳር ሲታጠን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የህዳር በሽታ ለማስታወስ ሰው ቆሻሻውን ያቃጥላል። የቀዘቀዘው አየር ከታች ስለተኛ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። ጣሪያ የገጠመው ይመስል በአንድ ከፍታ ላይ ይቆምና ወደ ጎን ይሰፋል። ሳንባ ላለው ሰው አልመክረውም፤ የአየርን ጠባይ በዓይን ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ከውጭ የሚመጡ ወፎች አሉ ይባላል። የት ላያቸው?

ላም ካለበት ጀምሩ። ከላሟ እግር ሥር ጭራውን ወደ ላይ ወደ ታች የሚያወዛውዝ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ ታያላችሁ። ላሟ ስትራመድ የሚነሱትን ነፍሳት ይለቅማል። ይሄ ትንሽ ፍጥረት ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ነው የመጣው፤ ክረምታቸውን ሸሽቶ። ሰሃራን ተሻግሮ መጥቶ እዚህ ከላም ኮቴ ያመልጣል።

ትልልቆቹ ሽመላዎች ናቸው፤ ነጭ ሰውነት፣ ጥቁር የክንፍ ጫፍ፣ ቀይ ምንቁር። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሳላቸው ሜዲትራኒያንን በቀጥታ አያቋርጡም። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሱት በቱርክና በእስራኤል ዞረው፣ የአባይን አቅጣጫ ይዘው ወደ እኛ አካባቢ ይወርዳሉ።

እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች እነዚህኑ ወፎች በመንገዳቸው ላይ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። በጎንደር መንደሮች የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ ሲያዩ ቀና ብለው "ኢየሩሳሌም ደህና ናት?" ብለው በዜማ ይጠይቁ ነበር። የልጅ ጨዋታ ነው። አቅጣጫው ግን እውነት ነው፤ ወፎቹ በእርግጥም በዚያ በኩል ነው የመጡት።

እንግዳውን ስታደንቁ ባለቤቶቹን አትርሱ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ ሌላ በዱር የሚኖርበት አገር የለውም፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውሃ ያለበት ጋ በጥንድ ቆሞ ይገኛል። ሲቆም ግራጫ ነው፤ ብዙም አያስደንቅም። ሲነሳ ግን ክንፉ ላይ ያለው ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ምንቁሯ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጩኸቷ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ትልቅ ጥቁር ወፍም አለች። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሣር ስትቆፍር ሳታዩዋት አልቀራችሁም።

መኪና የለኝም። የት ልሂድ?

እንጦጦ ቅርብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ለጀማሪ ይመቻል። ከከተማው መሐል አራት አምስት ዲግሪ ስለሚበርድ ሹራብ ያዙ። ለወፍና ለአበባ ግን ባሕር ዛፉን ትታችሁ ጽድ ያለበትን ፈልጉ። ባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ዝም ያለ ጫካ ነው።

መናገሻ ሱባ የጥንት ደን ነው። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አለበት። ለጽዱ ግንድ የሁለት ሰው እቅፍ አይበቃውም። ደብረ ሊባኖስ ራቅ ይላል፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ግን ጭላዳ አለ። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣር ሲነጩ ማየት ነው፤ አሮጊቶች ጎመን ሲቀነጥሱ ይመስላል። መስከረም ላይ ፏፏቴውም ሙሉ ነው።

የትም ብትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። ከአንድ በላይ ሆናችሁ ሂዱ።

አውሬ አያስፈራም?

የሚያስፈራው ውሻ ነው። ጅቡ በቀን አያስቸግራችሁም። የገበሬው ውሻ ግን ሥራው ነው፤ ይመጣል። አትሩጡ። ድንጋይ እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዱላ መያዝም ነውር አይደለም። ሳማ አለ፤ ቁምጣ አትልበሱ። ጫካ ውስጥ ጉንዳን ሲሰለፍ ካያችሁ ተሻግራችሁ ሂዱ እንጂ ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ አትቁሙ። ዘግይቶ ነው የሚታወቃችሁ፤ ያን ጊዜ ጉልበት ደርሷል።

ዋልካውም ከአውሬ አይተናነስም። ጥቁሩ አፈር ክረምት ይጠጣና ያብጣል፤ በጋ ሲገባ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከላይ ደርቆ ከታች ገና ጭቃ ነው። አንድ ቅዳሜ አምኜው ገባሁ። እግሬ ወጣ፤ ጫማዬ ቀረ። ከማዶ ሲያዩኝ የነበሩ ሽማግሌ "ልጄ፣ ሣሩን ርገጥ እንጂ!" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሣሩን ነው የምረግጠው።

በሰው ማሳ ማለፍ ይቻላል?

በድንበሩ፣ በእግር መንገዱ። ሰብል መሐል በጭራሽ። ሰላምታ አትቆጥቡ፤ ሱሉልታ ከሆናችሁ በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" (እንዴት አደራችሁ) ማለት ብዙ በር ይከፍታል። ሥራ ላይ ያለን ሰው "በርቱ" ብላችሁ እለፉ። መስከረም ላይ የባቄላ እሸት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ተቀበሉ። ራሳችሁ ግን እንዳትቀጥፉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሰው ሲያጭድ ከሩቅ ማነጣጠር ደስ አይልም።

ልጆች ይዤ ብወጣስ?

ውጡ። አንድ ሰዓት ይበቃቸዋል። ጤዛ የያዘ የሸረሪት ድር አሳዩአቸው፤ ሌላውን ራሳቸው ያገኙታል።

ምን ልያዝ? ማስታወሻስ ላይ ምን ይጻፋል?

ውሃ፣ ቆሎ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ። ባይኖኩላር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ላም አጠገብ መቆም ይተካዋል። ትንሽ ደብተር ግን ያዙ። ስልክ ላይ የጻፍኩትን ተመልሼ አንብቤው አላውቅም። ግጥም አያስፈልግም። ቀኑን፣ ሰማዩን፣ ያያችሁትን ጻፉ። ከአንዱ ዓመት ደብተሬ የሱሉልታዋን መንገድ ልገልብጥላችሁ፦

መስከረም 20። ጉም እስከ 3 ሰዓት። ሜዳው ውሃ ነው፤ ዝይ አራት። አደይ በአጥሩ ሥር ሙሉ። 7 ሰዓት ላይ ዘነበ፤ በሰበሰብኩ።

ጥቅምት 11። ብራ። ንፋስ ከምሥራቅ። ውሃው ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ዝይ ሁለት። ቢጫ ሆድ ወፍ ላሞቹ መሐል፣ የመጀመሪያዬ። አደይ ፍሬ ይዛለች።

ህዳር 16። አመዳይ። ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ የጻፍኩት አይነበብም። ውሃ የለም፣ ዝይ የለም። ዋልካው ተሰንጥቋል። ገብሱ ታጭዷል፤ ክምሩ ላይ ቁራ።